መምህር፣ ደመወዝና የትምህርት ማስረጃ፦ በጦርነት ወቅት የሕፃናት ትምህርት ቀጣይነት

በጦርነት ምክንያት ስለተስተጓጎለ ትምህርት ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የፈረሰ ክፍልና የተዘረፈ ወንበር ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዳት በዓይን የሚታይ፣ በገንዘብም የሚተመን በመሆኑ ለሪፖርት ይመቻል። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የተወው ልምድ ግን የትምህርትን ቀጣይነት ከሕንፃው ይልቅ የሚወስኑት የመምህሩ ኑሮና የተማሪው ትምህርት ዕውቅና የሚያገኝበት ሥርዓት መሆናቸውን ያሳያል።

ሕጉ በዚህ ረገድ የማያሻማ ነው። ለጄኔቫ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1977 የታከለውና በአንድ አገር ወሰን ውስጥ የሚካሄዱ የትጥቅ ግጭቶችን የሚመለከተው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 4 ሕፃናት ትምህርት ማግኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላዋለች። ይሁንና አካባቢው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ጊዜ ለመምህሩ ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ፕሮቶኮሉ አይናገርም።

በትግራይ በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በወጉ ሥራ ሳይጀምሩ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተቀሰቀሰ፤ ብዙዎቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳ ትምህርት ለመጀመር ወራት ፈጅቷል። በዚህም የተነሣ በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ሕፃን ሲመለስ ዕድሜው ለአራተኛ ክፍል የደረሰ፣ ንባቡ ግን ገና ከፊደል ያልተላቀቀ ሆኖ ተገኘ። መምህራኑ በበኩላቸው የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ፣ ደመወዝም ለብዙ ወራት ሳይከፈላቸው ቆይተዋል፤ ቤተሰቡን መመገብ ያቃተው መምህር ደግሞ ሕንፃው ቢጠገንም ወደ ክፍል ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 ሕፃናትን ከለንደንና ከሌሎች ከተሞች ወደ ገጠር ስታሸሽ መምህራኑን አብራ መላኳ ለመምህሩ ወሳኝነት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ተቀባዮቹ ትምህርት ቤቶች የአካባቢውን ልጆች በአንድ ፈረቃ፣ እንግዶቹን በሌላ ፈረቃ ያስተምሩ ነበር፤ የኢትዮጵያ ከተሞች ነዋሪ ፈረቃን ያለ ጦርነትም አሳምሮ ያውቀዋል። የዕቅዱ ጉድለት ከተማ ላይ ታየ፦ የተጠበቀው ድብደባ ለወራት ሲዘገይ ብዙ ልጆች ወደየቤታቸው ተመለሱ፣ የከተማው ትምህርት ቤቶች ግን ተዘግተው ስለነበር ያለ ትምህርት ቀሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የተማሪው ትምህርት ዕውቅና የሚያገኝበት ፈተና ነው። በጦርነቱ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላመለጣቸው የአማራ ክልል ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ዙር ፈተና መሰጠቱ፣ የትግራይ ተማሪዎች ግን እስከ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ መጠበቃቸው፣ ፈተናው ምን ያህል በአስተዳደር መዋቅሩ ህልውና ላይ እንደሚንጠለጠል ያስረዳል። ገና ለብሔራዊ ፈተና ላልደረሱና የትምህርት ዓመታት ላመለጧቸው ታዳጊ ሕፃናት መፍትሔው የተፋጠነ ትምህርት፣ ማለትም የበርካታ ክፍሎችን ይዘት አጥብቦ በአጭር ጊዜ ማስተማር ነው፤ በኢትዮጵያ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚሠራበት የስፒድ ስኩል መርሐ ግብር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር ይሸፍናል። ልጁ ከዚያ በኋላ በመደበኛው ትምህርት ቤት በአራተኛ ክፍል ካልተመዘገበ ግን ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ መልሶ ግንባታን ከጣሪያና ከግድግዳ የሚጀምር፣ የመምህራኑን ውዝፍ ደመወዝና የተማሪዎቹን የክፍል ምደባ ለኋላ የሚያቆይ ዕቅድ ቅደም ተከተሉን የሳተ ነው።