መንገድ መሻገርን ማን ለማን አስተማረ?

ኢየሩሳሌም ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ጎዳና አለ፤ ሬሖቭ ኤቲዮፒያ። ከነቢያት ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄድ፣ ግራ ቀኙን ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር የያዘው ጠባብ መንገድ ነው። ከአንዱ አጥር ጀርባ ክቧ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች። ሥራዋ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1893 በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ያኔ እዚህ ከተማ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። መንገዱ የተለካው በሰው ትከሻና በአህያ ጭነት ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ በዚያው ስፋት መኪና ያልፋል፣ መኪና ይቆማል፣ ቦርሳው ከራሱ የሚበልጥ የአንደኛ ክፍል ተማሪም ያልፋል። እንግዲህ ስለ መንገድ ደህንነት ትምህርት ስንጽፍ ከዚህ የጀመርነው ጎዳናው ከመኪናው እንደሚቀድም ለማሳየት ነው።

ኢትዮጵያም ውስጥ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በእነዚሁ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ገደማ ነው። ብዙ ወጣት የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረ። ስዊድን ያንኑ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አስቡት፣ ትናንት «መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ» የተባለ የከተማ ልጅ በማግስቱ «መጀመሪያ ወደ ግራ» መባል ነበረበት።

የእኛ ወላጆችና አያቶች ግን አብዛኞቹ የከተማ ልጆች አልነበሩም። በጎንደር ገጠር መንገድ ማለት ሰውና ከብት የሚሄዱበት ነው፤ መኪና እንግዳ ነበር። ይህን ስንሰማ አንዳንዶቻችን «ምንም አያውቁም ነበር» ብለን እንደመድማለን። ተሳስተናል እንጂ! የሰባት ዓመት ልጅ ከብት ይዞ የሚወጣበት አገር እኮ ልጁን ስለ አደጋ ሳያስተምር አይልከውም። ክረምት ላይ ወንዝ መሻገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። እዚህ ባይዘንብም ላይኛው አገር ሰማዩ ከጠቆረ አትግባ። ውሃው ከደፈረሰ ጠብቅ። ታላቅህ ሳይገባ አትግባ። መሃል ላይ አትሩጥ።

ከዚያ ጉዞው መጣ። በሱዳን በኩል የመጡት ለሳምንታት በእግራቸው ተጉዘዋል፤ ብዙውን ጊዜም በሌሊት። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ መታሰቢያቸው እዚሁ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ፤ በሁለተኛው ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ገባ። ያን ሁሉ አገር በእግሯ ያቋረጠች እናት ከመርካዝ ክሊታ ወጥታ ወደ ሱቅ ስትሄድ የአስፋልት ዳር ላይ ቆመች። ማን አሻገራት? ልጇ።

ልጁ ትምህርት ቤት «ዘሂሩት ባድራኺም» ተምሮ መጥቷል፤ በመንገድ ላይ ጥንቃቄ ማለት ነው። በእስራኤል ትምህርት ቤቶች ከፍ ያሉት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ምልክት ይዘው መሻገሪያው ላይ ይቆማሉ፤ ታናናሾቻቸውን ያሳልፋሉ። ስማቸው «ሚሽማሮት ዛሃቭ» ነው። ዛሃቭ የዘሂሩት ባድራኺም ምሕጻረ ቃል ነው፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ወርቅ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር!

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። በዚሁ አገር ለወላጆች የሚነገረው መመሪያ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አስፋልት አይሻገር ይላል። ምክንያት አለው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል፤ ትንሽ ልጅ መኪናውን ያየዋል እንጂ ፍጥነቱንና ርቀቱን አጣምሮ መገመት ይከብደዋል። በቆሙ መኪኖች መሃል ሲወጣ ደግሞ ሾፌሩ አናቱንም አያይም። እና በብዙ ቤታችን የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሕጉን በዕብራይስጥ ስላነበበ ብቻ፣ የእናቱ መሪ ሆነ። ብቻውን መሻገር የሌለበት ልጅ ሌላ ሰው አሻገረ። እናትም «እሱ ያውቃል» ብላ እጇን ሰጠች፤ እጁን መያዝ የነበረባት እሷ ሆና ሳለ። ታላላቆቻችን ይህን ሲያወሩ እየሳቁ ነው፤ እኛ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያስቅ አልመስል ብሎናል።

ከዚያ ወዲህ መንገዱም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቀላሉ ባቡር ሥራ ሲጀምር ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙም የማይርቀው የያፎ ጎዳና የባቡርና የእግረኛ ሆነ። ባቡር መሪ ጠምዝዞ አያመልጥም፤ ድምፁም ትንሽ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ደግሞ የእግረኛው መንገድ ላይ ሳይቀር ይመጣል። በዮም ኪፑር መንገዱ ሁሉ ጭር ሲል ልጆች አስፋልቱን በብስክሌት ይሞሉታል፤ በማግስቱ ያው አስፋልት የመኪና ነው። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ከትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት በዕብራይስጥ ነው፤ ወላጅ ልጁን «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው «ማዓቫር ሓጻያ» ግን በአማርኛ መሻገሪያ ነው። ወንዝም ይሻገሩታል፣ አስፋልትም ይሻገሩታል። አያት ቃሉም አላት፣ ትምህርቱም አላት። ወንዝ ዳር መጀመሪያ የሚታየው ውሃው የሚመጣበት ወገን ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከግራ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት በቃሉ ያጠናው «ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ» ለምን በግራ እንደሚጀምር ልታስረዳው የምትችለው እሷ ነች።