ከቁራኛ እስከ 48 ሰዓት

በቀደመው ሥርዓታችን ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆኖ ዳኛ ፊት ይቀርብ ነበር። ያሳሰረውም እስሩን ስለሚካፈል ለፍርድ ይቸኩላል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ግፊት በሰዓት ተካው፤ የመንገድ ርቀት ካላገደ በቀር ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ አዘዘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ከዝምታ መብት ጋር በአንቀጽ 19 አጸናው። ነገር ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 እያንዳንዱ የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም አልገደበም። ስለዚህ ጠበቃ ዋስትና ከመጠየቅ ባሻገር፣ በየቀጠሮው «ካለፈው ወዲህ ምን ተሠራ?» ማለት ይገባዋል እላለሁ። አሳሪውን ከታሳሪው ጋር ዛሬ የሚቋጥረው ይህ ጥያቄ ነውና።