ጽንስን በመድኃኒት ማቋረጥ እና የደኅንነቱ ቅድመ ሁኔታዎች፦ ከመርካቶ አንጻር

መርካቶና አውቶቡስ ተራ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ ለሚመጡ ወጣቶች የአዲስ አበባ መግቢያ ናቸው። በደላላ በኩል ለቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ወጣት ያልፈለገችው እርግዝና ሲገጥማት ብዙ ጊዜ የምታማክረው ዘመድ አጠገቧ የለም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ጽንስ የሚያቋርጠው ክኒን ደኅንነቱ የሚረጋገጠው አብሮት በሚሰጠው መረጃ ነው የሚል ነው።

ሕክምናው ሁለት መድኃኒቶች አሉት። ሚፌፕሪስቶን (200 ሚሊ ግራም) እርግዝናን አጽንቶ የሚይዘውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ሥራ ያግዳል። ከ1 እስከ 2 ቀን ቆይቶ በምላስ ሥር፣ በጉንጭ ውስጥ ወይም በብልት የሚወሰደው ሚሶፕሮስቶል (800 ማይክሮ ግራም) ማሕፀኑን አኮማትሮ ጽንሱን ያስወጣል። በመጀመሪያዎቹ 9 ሳምንታት ከ100 ሴቶች 95 ገደማ የሚሆኑት ሌላ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። ቁርጠትና ከወር አበባ የበዛ ደም የሚጠበቁ ናቸው፤ ሕመሙን ኢቡፕሮፌን ያስታግሰዋል።

አደጋው የሚበረታው መጠየቅ ያለበት ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። የመጨረሻው የወር አበባ መቼ ነበር? በአንድ ጎን የጠና ሕመም አለ? ክኒኑ ከማሕፀን ውጭ ያለን እርግዝና አያቋርጥም፤ የማሕፀን ቱቦ ከፈነዳ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፣ ለሞትም ያደርሳል። ሉፕ ያላት ሴት አስቀድማ ልታስወጣው ይገባል። ደሟ የማይረጋላት፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ወይም የአድሬናል ዕጢ ሕመም ያለባት በቅድሚያ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ለሁለት ተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ከአንድ ቀን ያለፈ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ወይም ሚሶፕሮስቶል ተወስዶ ደም ጨርሶ አለመታየቱ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ሲጋለጥ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ ወይም ሴቲቱ ባለባት ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ሳትችል ስትቀር ማቋረጥን ይፈቅዳል። መደፈሯን ለማስረዳትም ቃሏ ብቻ ይበቃል። በጥናት ግምት፣ ከተቋረጡት ጽንሶች መካከል በጤና ተቋም የተቋረጡት ድርሻ በ2008 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 27 በመቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 53 በመቶ አድጓል። ከጤና ተቋም ውጭ ያቋረጡት ሴቶች ግን ያለ ምርመራና ያለ ክትትል ለአደጋ የተጋለጡ ነበሩ።

ስለዚህ የመርካቶ መድኃኒት ቤቶችና የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች እነዚህን ጥያቄዎችና የአደጋ ምልክቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛና በስልጥኛ፣ ማንበብ ለማትችለውም በሥዕል አዘጋጅተው ከክኒኑ ጋር ሊሰጡ ይገባል።