በፒክ አፕ መኪና ላይ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር፤ ታሪኩና የብልሽቱ አመረማመር

በአንድ ፒክ አፕ መኪና ክሩስኮት ላይ የሞተሩ መብራት ይበራል። መካኒኩ የኮድ ማንበቢያውን አገናኝቶ ሲያይ «ባንክ 1፣ ሴንሰር 1» የሚል መልስ ያገኛል። ባለ መኪናውም አዲስ የኦክሲጅን ሴንሰር ገዝቶ ያስገጥማል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ይህ በየጋራዡ የሚታይ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ገንዘቡን በከንቱ የሚያስወጣው የዚያን ኮድ ታሪክ አለማወቅ መሆኑን ማሳየት ነው። የታሪክ ተማሪ ከጢስ ማውጫ ቧንቧ ውስጥ ምን ይፈልጋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሕግ አንድን ዕቃ እንዴት አድርጎ እንደሚቀርጽ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሴንሰሩ መነሻ ከመኪና ጋራ ግንኙነት አልነበረውም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር በጌቲንገን ያስተምሩ የነበሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ቫልተር ኔርንስት፣ ዚርኮኒያ የተባለው ሸክላ መሰል ነገር ኢትሪያ ከሚባለው ጋራ ተቀላቅሎ በሚግልበት ጊዜ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ተገነዘቡ፤ ከዚሁም መብራት ሠሩ። መብራቱ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ዐይነት አምፖል ተተካ፤ የሸክላው ጠባይ ግን አልተረሳም። በጋለው ሸክላ ውስጥ የሚተላለፈው የኦክሲጅን አዮን ነው። ስለዚህ በአንዱ ወገን የውጭ አየር፣ በሌላው ወገን ኦክሲጅን ያነሰው ጢስ ሲሆን፣ በሁለቱ ገጽ መካከል ከአንድ ቮልት ያነሰ ኀይል ይፈጠራል። መጠኑን የሚያሰላውም ኔርንስት ራሳቸው በ1889 ያወጡት ቀመር ነው።

ይህን ዕውቀት ወደ መኪና የወሰደው የሎስ አንጀለስ ጢስ ነው። በ1943 በጋ ከተማይቱን ዐይን የሚያቃጥል ጉም ሸፈናት። ትውልዳቸው ከሆላንድ የሆነው ፕሮፌሰር ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዱት፣ ጉሙ የሚፈጠረው ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐዱ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ይህን በደስታ አልተቀበሉትም። ዳሩ ግን በ1970 የወጣው የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ፣ ቀኑ ኋላ ቢራዘምም፣ ከአዲስ መኪና የሚወጣውን ሃይድሮካርቦንና ካርቦን ሞኖክሳይድ በ90 ከመቶ እንዲቀንሱ አዘዛቸው።

ሦስቱን መርዞች ባንድነት የሚያጠፋ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተሠራ፤ ነገር ግን በትክክል የሚሠራው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲገባ ብቻ ነው። ተራ ካርቡራቶር ይህን ሚዛን ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የኔርንስትን ሸክላ በጢስ ማውጫ ውስጥ የሚሰካ አድርጎ ሠራው፤ በ1976ም ለካሊፎርኒያ ገበያ በተዘጋጀ የቮልቮ መኪና ላይ ተገጠመ። ሸክላው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልጋለ አይናገርምና፣ በ1982 በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጨመረለት።

ፒክ አፕ መኪና በዚህ ታሪክ ውስጥ ኋላ ቀር ነበር። የሥራ መሣሪያ ነው እየተባለ ለረጅም ዘመን ከቤት መኪና የላላ ደንብ ተፈቅዶለታል፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን የተመዘኑት ከ2004 እስከ 2009 በተፈጸመው የደንብ ለውጥ ነው። በ1996 ግን በአሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪኖችና ቀላል የጭነት መኪኖች ሁሉ አንድ ዐይነት መመርመሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። የክሩስኮቱ መብራት ትእዛዝ የመጣው ከዚህ ነው። የሚበራውም ጢሱ ከተወሰነው ልክ በላይ እንዳይሄድ ለማስጠንቀቅ ነው እንጂ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚለወጥ ለመካኒኩ ለመንገር አልታሰበም። ኮንቨርተሩን የሚቆጣጠር ሁለተኛ ሴንሰር ከበስተኋላው የተገጠመውም በዚሁ ደንብ ምክንያት ነው።

ከዚህ የተነሣ የቦታው አጠራር እንዲህ ሆነ። ሴንሰር 1 ከኮንቨርተሩ በፊት፣ ሴንሰር 2 ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ነው። ባንክ 1 የሚባለው ደግሞ ቁጥር 1 ሲሊንደር ያለበት ረድፍ ነው፤ «ግራ» ወይም «ቀኝ» ማለት አይደለም። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በያዘው በፎርድ ኤፍ 150 ላይ ባንክ 1 በቀኝ፣ በተሳፋሪው በኩል ነው፤ በሸቭሮሌ ሲልቨራዶ ላይ ግን በግራ፣ በሾፌሩ በኩል ይገኛል። ይህን ሳይለይ ቁልፍ የሚያነሣ ሰው ደኅናውን ሴንሰር ፈትቶ የተበላሸውን ይተዋል።

ምርመራው ከኮዱ ቃል ይጀምራል። ፒ 0135 ስለ ማሞቂያው መስመር የሚናገር ስለሆነ ፊውዙን፣ ሽቦውንና የማሞቂያውን ሬዚስታንስ በቴስተር መለካት ይበቃል። በፒክ አፕ ሥር ሽቦው ለጭቃና ለጠጠር የተጋለጠ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከጋለው ቧንቧ ጋራ ተነካክቶ ይቀልጣል። ፒ 0171 ግን ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ብሎ የሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ከሴንሰሩ በፊት ቧንቧው ተሰንጥቆ የውጭ አየር ቢስብ፣ ካንዴላ ሳይተኩስ ቀርቶ ያልተቃጠለ ኦክሲጅን ቢያልፍ፣ ወይም የቤንዚን ፓምፕ ቢደክም፣ ሴንሰሩ ያየውን ይናገራል። እርሱን መለወጥ ደብዳቤውን ጠልቶ ፖስተኛውን እንደ ማባረር ነው።

ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተን ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የሲግናሉን ሽቦ በቮልት መለኪያ ማየት ያስፈልጋል። ደኅና የፊት ሴንሰር በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ሳያቋርጥ ይወዛወዛል፤ ከ0.45 በላይ ቤንዚን፣ ከዚያ በታች አየር መብዛቱን ያመለክታል። በአየር ማስገቢያው በኩል ጥቂት ፕሮፔን ጋዝ ሲለቀቅ ወዲያው ወደ 0.9 ካልወጣ ወይም በዝግታ ከወጣ፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። የኋለኛው ሴንሰር ግን ሊወዛወዝ አይገባውም። እንደ ፊተኛው ቢወዛወዝ የሞተው ኮንቨርተሩ ነው፤ ይህንንም የሚያስታውቀው ኮድ ፒ 0420 ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው ሰፊ መጠን የሚለካው ሴንሰር በተገጠመባቸው ፒክ አፖች ላይ ይህ የቮልት ልክ አይሠራም። እርሱ መጠኑን የሚያስታውቀው በኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሆነ፣ ንባቡ ከኮምፒዩተሩ መወሰድ አለበት።