ዶክ ፊ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው በዋጋው ተስማምቶ ለፊርማ ሲቀመጥ፣ ወረቀቱ ላይ ያልተነጋገሩበት አንድ መስመር ያገኛል፤ ዶክ ፊ። ሻጩ የሽያጭ ውሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱንና የሰሌዳ ማመልከቻውን ለማዘጋጀት የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው የመንግሥት ክፍያ ይመስለዋል። አይደለም። ታክሱና የሰሌዳው ክፍያ ወደ መንግሥት ይሄዳሉ፤ ዶክ ፊ ግን የሚገባው ሻጩ ኪስ ነው።

መጠኑ እንደየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ጣሪያውን 85 ዶላር፣ ኒው ዮርክ 175 ዶላር አድርገዋል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት ሜሪላንድ ከጁላይ 2024 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር ማስከፈል ተፈቅዷል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ደግሞ ክፍያው ጭራሽ ጣሪያ የለውም። ለአንድ ዓይነት ወረቀት ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ክፍያው ከሥራው ድካም ጋር አይገናኝም ማለት ነው። ይህን ለአዲስ መጤ ወገን አለመንገር በደል ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚያገኙት ዴስቲኔሽን ቻርጅ የሚባለው ክፍያ ግን ሌላ ነው፤ መኪናውን ከፋብሪካ የማጓጓዣ ዋጋ ሲሆን የመኪናው መስኮት ላይ በሚለጠፈው የዋጋ ወረቀት ላይ በሕግ ይጻፋል። ጎማ ውስጥ ለተሞላ ናይትሮጅን ወይም ለቀለም መከላከያ የሚጠየቀውን ግን አልፈልግም ማለት ይችላሉ።

ሻጩ «ዶክ ፊ ለሁሉም እኩል ነው፣ አልቀንስም» ካለዎት፣ ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀንስ ይጠይቁት። ከቤት ሳይወጡም አውት ዘ ዶር የሚባለውን፣ ሁሉም ነገር የተካተተበትን የመጨረሻ ዋጋ፣ በጽሑፍ ያስልኩ።