በፈረስ ርግጫ የሞቱ ወታደሮችና የአምስት ደንብ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። የፕሩሺያ ጦር መዝገብ ግን ፈረስ የገዛ ወታደሩንም እንደሚገድል ይመሰክራል። በሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ ኋላ በርሊን ያስተማረው ላዲስላውስ ቦርትኪየቪች እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ1875 እስከ 1894 በፈረስ ርግጫ የሞቱትን በየኮሩና በየዓመቱ ለይቶ አቀረበ።

አደረጃጀታቸው የተለየ አራት ኮሮች ሲቀነሱ፣ የ10 ኮሮች የ20 ዓመት ታሪክ 200 መዝገብ ይሆናል። በ109ኙ ማንም አልሞተም፤ በ65ቱ አንድ፣ በ22ቱ ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት፣ በአንዱ ብቻ አራት ሰው ሞተ። በጠቅላላው 122 ሰው፤ አማካዩ 0.61 ነው። በፈረንሳዊው ፖይሰን ቀመር ሲሰላ የሚጠበቀው 108.7፣ 66.3፣ 20.2፣ 4.1፣ ለአራትና ከዚያ በላይ ደግሞ 0.7 ነው።

ቀመሩ ከመዝገቡ ጋር መስማማቱ በምን ይለካል? ካርል ፒርሰን በ1900 ካይ-ስኩዌርን አበረከተ፦ በታየውና በሚጠበቀው መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ይባዛል፣ ለሚጠበቀው ይካፈላል፣ ውጤቱ ሁሉ ይደመራል። ችግሩ ከአካፋዩ ላይ ነው። 109ኙ 110 ቢሆን የዚያ ረድፍ ድርሻ 0.02 እንኳ አይሞላም። አራት ሰው የሞተበት አንዱ መዝገብ ሁለት ቢሆን ግን ድርሻው ከ0.12 ወደ 2.3 ይዘላል። የፒርሰን ሠንጠረዥ የሚያገለግለው የሚጠበቁት ቁጥሮች በቂ ሲሆኑ ነውና፣ እዚህ ላይ ያሳስታል።

ይህንኑ መዝገብ በ1925 መጽሐፉ የተጠቀመው ሮናልድ ፊሸር፣ የሚጠበቀው ቁጥር ከአምስት ባያንስ ይመረጣል አለ። መፍትሔው ትንንሾቹን ማዋሐድ ሆነ። ሦስትና አራት የሞቱባቸው ሲቀላቀሉ የታየው 4፣ የሚጠበቀው 4.8 ነው፤ ድምሩም ከ0.60 ወደ 0.32 ይወርዳል። ከአራቱ ረድፎች አንዱ ለጠቅላላ ድምሩ፣ አንዱ ከመረጃው ለተገመተው አማካይ ተቀንሶ ሁለት የነፃነት ዲግሪ ይቀራል።

ነገር ግን 4.8ም ከአምስት ያንሳል! ደንቡን ቃል በቃል የሚጠብቅ ሰው ሁለት የሞቱባቸውንም ሊጨምር ነው። ዊልያም ኮክራን በ1950ዎቹ አምስት የሚለው ቁጥር እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ እንደሚመስል ጽፎ፣ አንድ ጫፍ ብቻ ላላቸው ሥርጭቶች ዳርና ዳሩ ላይ እስከ 1 ድረስ ፈቀደ። 0.7 ይህንንም አያልፍም።

ማዋሐድ ስሌቱን ያድናል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። አራት ወታደር የሞተበት ዓመት ሦስት ከሞቱባቸው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ «በዚያ ኮር ምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ አዛዥ ግን መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ ነው። በፕሩሺያው መዝገብ ቢዋሐድም ባይዋሐድም ቀመሩ ይስማማል። መልሱ በማዋሐዱ የሚለወጥበት መዝገብ ሲገጥም ግን፣ የቱ ረድፍ ከየቱ እንደሚቀላቀል ውጤቱ ሳይታይ መወሰን አለበት።