«ባረቀበት»፦ ስለ ሪቮልቨር መጠበቂያና ስለ ጥፋተኝነት



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ግሥ ነው። ሳይታሰብ በተተኮሰ ጥይት ሰው ሲሞት «ተኮሰ» አንልም፤ «ባረቀበት» እንላለን። በምኖርበት በሸጎሌ፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ይህን ቃል ስሰማ ሰዋስዉ ያሳስበኛል። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሽጉጡ ነው፤ ባለ ሽጉጡ ግን ጉዳት እንደ ደረሰበት ሰው ይቆጠራል። ቃሉ የመብረቅ ዘመድ ነው፤ መብረቅን ደግሞ ማን ይከሰዋል?

የሪቮልቨር ታሪክ ለዚህ ግሥ በከፊል ይመሰክርለታል። እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የኮልት ሪቮልቨር ስድስት ጥይት ይጎርሳል። ከኋላው ያለው መቺ ብረት በጥይቱ ላይ ዐርፎ ሳለ ሽጉጡ ከወደቀ ግን፣ ቃታው ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቆች አምስት ብቻ አጉርሰው ባዶውን ቀዳዳ ከመቺው ፊት ያደርጉት ነበር። በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ አይቨር ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ቃታ ሲሳብ ብቻ ተነሥታ ምቱን ወደ ጥይቱ የምታደርስ ትንሽ ብረት በመካከል አኖረ፤ በማስታወቂያውም ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በመዶሻ ሲመታ አሳየ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መጠበቂያውን ያጠናከረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የወደቀ ሽጉጥ አንድ የአሜሪካ መርከበኛ መግደሉ ነበር። ሩገር እስከ 1973 ድረስ ቆይቷል። የሚያሳዝነው፣ መላው ከታወቀ በኋላም ይህን ያህል ዘመን መፍጀቱ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያቺ ብረት የምትከለክለው ቃታ ሳይሳብ የሚደርሰውን አደጋ ነው። ቃታው ከተሳበ ምቱን የምታስተላልፈው እርሷው ራሷ ናት። «ባዶ ነው» ብሎ በጓደኛው ላይ ለቀልድ የሚያነጣጥር፣ ጥይቱን ሳያወጣ የሚወለውል፣ በሠርግ ላይ ጣቱን ከቃታው ሳያነሣ የሚጨፍር፣ የእነዚህ ሁሉ ሽጉጥ የታዘዘውን ፈጽሟል። «ባረቀበት» የሚለው ቃል ግን ለወደቀውም ለተሳበውም አንድ ነው።

ሕጋችን ይለያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ሰው እንደማይቀጣ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የሟች ቤተሰብም ለዕርቅ ሲቀመጥ ማወቅ የሚሻው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ደም የሚደርቀው ወይም የሚቀጥለው በዚህ ነውና።

ስለዚህ በፍርድ መዝገብ ላይ «ባረቀ» የሚል ስታገኙ ንባቡን አትለፉት። ሽጉጡ ምን ዓይነት ነበር? ወደቀ ወይስ በእጅ ነበር? ጣቱስ የት ነበር? ምስክሮቹ ይህን ተጠይቀው እንደሆነ መዝገቡ ራሱ ያሳያችኋል። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄያችሁ እተዋለሁ።